አቧራው በየት ገባ? የኮሮላ አየር ፊልትሮ የመቀየር ማስታወሻ

ታኅሣሥ፣ መጀመሪያ ከፍቶ ማየት

መኪናው ኮሮላ ነው። የ2010 ሞዴል፣ 1.6 ሞተር፣ ማኑዋል። መስከረም ላይ ሙሉ ሰርቪስ ገብቶ ነበር። የጋራዡ ወረቀት ላይ «አየር ፊልትሮ ተነፍቷል» ይላል። አልተቀየረም ማለት ነው፤ በኮምፕሬሰር ተነፍቶ ተመልሶ ገብቷል።

ሥራዬ ብዙ ጊዜ ወደ መቂ ይወስደኛል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቲማቲምና ሽንኩርት እርሻዎቹ የሚያስገባው ኮረኮንች በበጋ ሌላ ዓለም ነው። የስምጥ ሸለቆ አፈር አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ ስለሆነ እንደ ዱቄት የላመ ነው። ከፊት የጭነት መኪና ካለ መንገዱ ጭራሽ አይታይም። አዲስ አበባ ውስጥም ቢሆን መንገዱ ሁሉ እየተቆፈረ ስለሆነ ከአቧራ እረፍት የለም። ሰሞኑን ዳገት ላይ መኪናው ጉልበት አነሰው። ድሮ በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣውን ቦታ ሁለተኛ መመለስ ጀመርኩ። ካንዴላ ከመጠርጠሬ በፊት ቀላሉን ላጣራ ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ።

የፊልትሮው ቤት ባትሪው አጠገብ ያለው ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ወፍራም ጥቁር ቱቦ ከክዳኑ ተነስቶ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ክዳኑን የሚይዙት ሁለት የብረት ክሊፖች ናቸው። በጣት ወደ ውጭ ስባቸው ይለቃሉ፣ መሣሪያ አያስፈልግም። ክዳኑ በጀርባው በኩል በፕላስቲክ ምላሶች ስለተሰካ መጀመሪያ ከፊት ከፍ፣ ከዚያ ወደ ራስ መሳብ ነው። ክዳኑ ላይ የአየር መጠን የሚለካው ሴንሰር አለ፣ ሽቦውም ከእሱ ጋር ነው። ስለዚህ ክዳኑን ብድግ አድርጎ መወርወር የለም። ሽቦው እስከፈቀደ ብቻ ከፍ አድርጎ ፊልትሮውን በሥሩ ማውጣት ይቻላል።

የፊልትሮው የታች ፊት ጠቁሯል። ቅጠል አለ፣ የደረቁ ነፍሳት አሉ። ይሄ አያስደነግጥም፤ ሥራው ይሄው ነው፣ ቆሻሻውን እዚያ ማስቀረት። ያስደነገጠኝ የላይኛው ነው። ከፊልትሮው በላይ ያለው የክዳን ውስጥ ንጹሕ መሆን ነበረበት። በባትሪው በኩል ባለው ጥግ ላይ ግን ግራጫ አቧራ ተነስንሷል። ከጥጉ ጫፍ ጠበብ ብሎ ይጀምርና ወደ ሴንሰሩ ሲጠጋ እየሰፋ ይሄዳል። ነጭ ጨርቅ በጣቴ ጠቅልዬ ቱቦውን ከውስጥ ጠረግኩት፤ ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ወጣ። አቧራው ፊልትሮውን ሳያልፍ በጎን ዞሮ እየገባ ነው።

ይሄ ለምን እንደሚያሳስበኝ በቁጥር ላስቀምጠው። 1 ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። 1 ሊትር ቤንዚን 0.75 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን 11 ኪሎ አየር ይበላል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ 1 ሜትር ኩብ ወደ 0.9 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ለ1 ሊትር ቤንዚን 12 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 12,000 ሊትር አየር በዚያ ወረቀት ውስጥ ያልፋል። 50 ሊትር ሲቃጠል 600 ሜትር ኩብ ይሆናል። ያን ሁሉ አየር ከመቂው ኮረኮንች ላይ እየሳበ በጎን ቀዳዳ ካለው፣ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አቧራ ቀላል አይደለም። አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከብረት የጠነከረ ነው። በጣም የሚጎዳው ደግሞ በዓይን የማይታየው ነው፤ ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ያለው። የፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። ያ ደቃቅ ነገር ዘይቱ ውስጥ ገብቶ የፒስተን ቀለበቱንና ሲሊንደሩን ይሞርዳል። በኋላ መኪናው ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ከዚያ ሞተር ማውረድ ነው።

በዚያው ሳምንት፣ የብርሃን ሙከራ

ጎረቤታችን ጋሼ ለብዙ ዓመት ከባድ መኪና ላይ የሠሩ መካኒክ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ፊልትሮውን ይዤ ሄድኩ። አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ አምፖል አምጪ» አሉኝ። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ከአንዱ ፊት አስጠግተን ከሌላው ፊት አየነው። ወረቀቱ እኩል ደብዘዝ ማለት ነበረበት። በመሃል ባለ አንድ እጥፋት ላይ ግን በተርታ የደመቁ ነጥቦች አሉ። ወረቀቱ ተበስቷል።

«ማስነፋት እንዲህ ያደርጋል» አሉ ጋሼ። የጋራዥ ኮምፕሬሰር ከ6 እስከ 8 ባር ግፊት ይሰጣል። ያንን አፍ ለአፍ ወረቀት ላይ ሲለቁት ቃጫው ይላቀቃል። ዓይን አቧራው መውጣቱን እንጂ ቀዳዳውን አያይም። የግድ መንፋት ካለ ከንጹሑ ፊት ወደ ቆሻሻው፣ ግፊቱን ከ2 ባር በታች ቀንሶ፣ አፉን አርቆ ነው። የተገላቢጦሽ ከተነፋ አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ መቅበር ነው። ውሃ ደግሞ ጭራሽ ሊነካው አይገባም። የወረቀት ፊልትሮ ታጥቦ ሲደርቅ መልኩ ይመለሳል፣ ሥራው አይመለስም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ትንሽ የቆሸሸ ፊልትሮ ከአዲሱ የተሻለ ያጣራል። ወረቀቱ ላይ የተኛው አቧራ ራሱ ሌላ ወንፊት ይሆናል። ስለዚህ በየሳምንቱ እየከፈቱ ማራገፍ ጥቅም የለውም። በከፈቱት ቁጥር ደግሞ ጠርዙ ላይ ያለው አቧራ ወደ ንጹሑ ወገን የመውደቅ ዕድል አለው።

ግን የተበሳው ወረቀት የጥጉን አቧራ አይገልጸውም። ቀዳዳው መሃል ላይ ነው፤ አቧራው የመጣው ከጥግ ነው። ሁለት የተለያየ ችግር አለ ብዬ ጻፍኩ።

ጥር፣ ሶማሌ ተራ

አዲስ ፊልትሮ ልገዛ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። መጀመሪያ የሚጠይቁት «እህቴ፣ የሞተር ነው የኤሲ?» ነው። ሁለቱም አየር ፊልትሮ ስለሚባሉ ለይቶ መናገር ነው። የሞተሩ ፊልትሮ የቶዮታ ቁጥሩ በ17801 ይጀምራል። በ87139 የሚጀምረው የኤሲው ነው፣ 90915 ደግሞ የዘይት ፊልትሮ። ከሰረዝ በኋላ ያሉት ቁጥሮች እንደ ሞተሩና መኪናው እንደተሠራበት አገር ይለያያሉ። «ኮሮላ 2010» ማለት ብቻ አይበቃም። ሊብሬውን ይዞ በሻንሲ ቁጥር ማስፈለግ ነው፤ አሮጌውን ፊልትሮም መያዝ።

ብር በገበያ ተመን እንዲመራ ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ አይቀመስም። ኦሪጅናሉን 2,900 ብር አሉኝ። ኮፒው 1,100 ነው። ኮፒ ሁሉ መጥፎ ነው ብዬ ስለማላምን መጀመሪያ ኮፒውን ወሰድኩ፣ ካልገጠመ እንደምመልሰው ተስማምተን። የወረቀቱን እጥፋቶች ቆጠርኩ፤ ከአሮጌው ያንሳሉ። እጥፋት ሲያንስ አቧራ የሚይዝበት ስፋት ይቀንሳል፣ ቶሎ ይደፈናል። ጠርዙን በጥፍሬ ስጫነው ደረቅ ነው፣ ቶሎ አይመለስም። የኦሪጅናሉ ጠርዝ ልስልስ ብሎ ወዲያው ይመለሳል።

ቤት ስመለስ ገጠምኩት። ክዳኑ ያለ ምንም ትግል ተዘጋ። ይሄ ጥሩ ምልክት አይደለም። ደህና ፊልትሮ ሲገባ ክሊፑ ትንሽ መታገል አለበት፤ ጠርዙ እየተጨመቀ ነዋ።

የወረቀት ሙከራ

ጋሼ ያሳዩኝ ቀላል ዘዴ አለ። ቀጭን ወረቀት በጣት ስፋት ቆርጦ ግማሹን በፊልትሮው ጠርዝና በክዳኑ መካከል ማስገባት፣ ክሊፑን ቆልፎ ወረቀቱን መሳብ። ከተያዘና ሲጎተት ከተቀደደ ጠርዙ ጥብቅ ነው። ከተንሸራተተ በዚያ በኩል አየር ያልፋል። ሳጥኑን ዞሬ በየጥጉ ሞከርኩት። ሦስቱ ጥጎች ይዘዋል፣ ከእነሱ አንዱ ላላ ብሎ ነው የያዘው። የባትሪው ጥግ ላይ ወረቀቱ ያለ ምንም ስሜት ወጣ።

ኮፒውን አውጥቼ በአሮጌው ፊልትሮ ደገምኩት። የባትሪው ጥግ አሁንም አይዝም። ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ፊልትሮው ምንም ቢሆን በዚያ ጥግ ክዳኑ አይወርድም። ክዳኑን ገልብጬ ጀርባውን ሳየው በባትሪው በኩል ያለው የፕላስቲክ ምላስ ከሥሩ ተሰብሯል። ስብራቱ ላይ አቧራ ተጋግሮበታል፣ የቆየ ነው። አንድ ሰው ምላሶቹን ቀዳዳቸው ውስጥ ሳያስገባ ክሊፑን በጉልበት ቆልፎታል። በዚያ በኩል ያለው ክሊፕም ተለጥጦ ጉልበቱን ጨርሷል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ፊልትሮ መቀየር ብቻ መሆኑ ቀረ። 2,900 ብር ያወጣ ፊልትሮ የተሰበረ ክዳን ሥር ቢገባ አቧራው ያው በጥጉ ነው የሚሄደው።

ማጣበቂያ አሰብኩና ተውኩት። የሞተር ክፍል ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል። ተላቆ የወደቀ የፕላስቲክ ቁራጭ በቱቦው ወደ ሞተር ቢሄድስ? በሽቦ ማሰርም አለ፣ ብዙ መኪና ላይ አይቻለሁ። ሽቦ ክዳኑን በአንድ ነጥብ ይጫነዋል እንጂ ጠርዙን እኩል አያወርደውም።

ጥር መጨረሻ፣ ክዳን ፍለጋ

ሻጩ ኮፒውን ተቀብሎ ልዩነቱን ከፍዬ ኦሪጅናሉን ሰጠኝ። ቃሉን ጠብቋል። ክዳኑ ግን አዲስ ለብቻው አልተገኘም። ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡት ጋ ሙሉ ሳጥኑን 4,500 ብር አሉኝ። ክዳኑን ብቻ ከነክሊፖቹ 1,600 ብር ተስማማን። ከመክፈሌ በፊት ምላሶቹን አንድ በአንድ በጣቴ ገፋ ገፋ አደረግኩ። ከንፈሩን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጬ ይንጋደድ እንደሆነ አየሁ። ሙቀት የጎዳው ፕላስቲክ ይጣመማል፤ የተጣመመ ክዳን ምላሱ ሙሉ ቢሆንም አይረዳም።

የካቲት፣ ገጠማው

የተጠቀምኩባቸው መሣሪያዎች፦ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ባለመስቀል ካቻቢቴ፣ የቱቦውን ፋሸታ ለማላላት ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ግራሶ።

ሞተሩ ቀዝቅዟል፣ ቁልፉ ወጥቷል። ሴንሰሩን ነቅሎ ቁልፍ ማብራት የሞተር መብራት ያመጣል፤ ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የብልሽት ኮድ ብዙ ጊዜ P0102 ነው። ሶኬቱን ስነቅል ምላሱን ተጭኜ ፕላስቲኩን ይዤ ነው የሳብኩት። ሽቦውን ይዞ መጎተት ቀጥሎ የሚያመጣው ጣጣ ብዙ ነው።

ሴንሰሩን ከአሮጌው ክዳን ወደ አዲሱ ማዛወር ነበረብኝ። በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ነው የተያዘው። አውጥቼ በብርሃን ሳየው ውስጡ ያለው ፀጉር የምታህል ሽቦ ግራጫ ለብሳለች። ይህቺ ሽቦ ትሞቃለች፤ የሚያልፈው አየር ሲያቀዘቅዛት ኮምፒውተሩ ከዚያ ተነስቶ የአየሩን መጠን ያሰላል። አቧራ ከለበሰች አየሩን አሳንሳ ትናገራለች፣ ቤንዚኑም ያንሳል። በጣት፣ በጥጥ ወይም በብሩሽ አትነካም፤ ትበጠሳለች። ለእሷ የተሠራ ስፕሬይ አለ፣ 950 ብር ገዛሁ። የካርቡሬተር ማጽጃ አይሆንም፣ የሴንሰሩን ሽፋን ይበላል። ራቅ አድርጌ ነፋሁና ራሱ እስኪደርቅ ተውኩት።

የሳጥኑን ታች ፈትቼ በሳሙና አጠብኩት። ከሥሩ ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኖ ነበር፤ በእንጨት ከፈትኩት። ክረምት ሲመጣ ያ ቀዳዳ ያስፈልጋል። እርጥብ ሳጥን ውስጥ የወረቀት ፊልትሮ ስለማይገባ ፀሐይ ላይ አዋልኩት።

ከዚያ ፊልትሮውን ጠርዙ በየቦታው እኩል እስኪተኛ አስገባሁ። ክዳኑን መጀመሪያ ከኋላ ምላሶቹን ቀዳዳቸው ውስጥ ሰካሁ፣ ከዚያ ከፊት አወረድኩ፣ ሁለቱን ክሊፖች አንድ ላይ ቆለፍኩ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፤ አሮጌው ክዳን የተሰበረው ይሄ ስላልተጠበቀ ነው። ክሊፖቹ ታገሉኝ። የወረቀት ሙከራውን ዙሪያውን ደገምኩ፤ ወረቀቱ በየቦታው ተቀደደ። የባትሪው ጥግም ይዟል!

ጋሼ አንድ ነገር ጨመሩበት። ከሴንሰሩ በኋላ ባለው ቱቦ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ግራሶ በጥፍር ስፋት፣ በጣም ስስ አድርገው ቀቡ። አቧራ ካለፈ እዚያ ላይ ይለጠፋል፣ ዓይን ያየዋል። ግራሶው ከሴንሰሩ በፊት መሆን የለበትም፤ በዝቶም መንጠባጠብ የለበትም።

በስልክ ማየት

ብሉቱዝ ያለው ትንሽ ኦቢዲ፣ ማለትም የመኪናውን ኮምፒውተር ማንበቢያ፣ ስላለኝ ከገጠማው በፊትም በኋላም አነበብኩ። በፊት ኮምፒውተሩ በረዥም ጊዜ ማስተካከያው 9 በመቶ ቤንዚን እየጨመረ ነበር። ሴንሰሩ አየሩን አሳንሶ ስለሚነግረው የጎደለውን እየሞላ ነው ማለት ነው። ከገጠማው በኋላ በሳምንቱ ወደ 3 ወረደ። እዚህ ላይ ለውጡ የፊልትሮው ሳይሆን የታጠበው ሴንሰር ነው ብዬ አምናለሁ።

የውጭ አየር ግፊቱ 77 ኪሎፓስካል ይላል። በባሕር ወለል 101 ነው። አዲስ አበባ ላይ ሞተራችን ገና ሳይነሳ የአየሩን ሩብ ያህል ተነጥቋል። ያለችውን አየር በተደፈነ ፊልትሮ መቀነስ ዳገት ላይ ወዲያው ይታወቃል።

ነዳጅን በተመለከተ ሰው ሁሉ «ፊልትሮ ቀይር፣ ቤንዚን ይቆጥብልሃል» ይላል። ለድሮ ካርቡሬተር መኪና እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ባወጣው ጥናት፣ በካርቡሬተር መኪና ከ2 እስከ 6 በመቶ የነዳጅ ልዩነት ታይቷል። ኢንጀክሽን ባላቸው መኪኖች ግን የነዳጅ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ኮምፒውተሩ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑንም ይቀንሳል። የተሻሻለው የመፍጠን ጉልበት ነው፣ ከ6 እስከ 11 በመቶ። የኔም ይሄው ነው። ቤንዚን ስቀዳ የምመዘግበው ደብተር ላይ የሚታይ ለውጥ የለም። ዳገቱን ግን በሦስተኛ ማርሽ መውጣት ጀመርኩ።

መጋቢት፣ የመጀመሪያው ፍተሻ

ከመቂ ተመልሼ ቱቦውን ከፈትኩ። ግራሶው ላይ ጥቂት ጥቋቁር ነጥቦች አሉ። ደነገጥኩ። ክዳኑን ሳየው ጥጉ ንጹሕ ነው፣ ያ የሚሰፋ የአቧራ ፈለግ የለም። ነጥቦቹ ቱቦው እጥፋት ውስጥ ቀርቶ የነበረ አሮጌ አቧራ ይመስላሉ። ቱቦውን ሙሉ በሙሉ አውጥቼ እጥፋት በእጥፋት ጠረግኩና ግራሶውን በአዲስ ቀባሁ። ቱቦውን ስመልስ ፋሸታውን በደንብ አጠበቅኩ። ከሴንሰሩ በኋላ አየር በጎን ከገባ ኮምፒውተሩ አያውቀውም፤ P0171 (አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አነሰ) የሚለው ኮድ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

አንዳንድ ሰው ፊልትሮው ላይ ስፖንጅ ወይም የሴት ስቶኪንግ ይደርባል። ጋሼን ጠየቅኳቸው፤ አልወደዱትም። እኔም አልሞከርኩትም። ጠርዙ ላይ ከታጠፈ ያን ሁሉ የደከምንበትን ጥብቀት ያላላዋል።

ሚያዝያ፣ ሁለተኛው ፍተሻ

ብዙ ኮረኮንች ተሄዷል። የፊልትሮው ታች ጠቁሯል። ግራሶው እንደተቀባ ነው፤ ነጭ ጨርቄም ነጭ ሆኖ ወጣ። ፊልትሮውን አልነፋሁትም፣ አላራገፍኩትም። እንደነበረ መለስኩት።

ወጪው፦ ኦሪጅናል ፊልትሮ 2,900፣ ያገለገለ ክዳን 1,600፣ የሴንሰር ስፕሬይ 950። ድምሩ 5,450 ብር። ስፕሬዩ ገና ብዙ አለው። ክዳኑ በጊዜው ባይሰበር 2,900 ብቻ ነበር።

ብዙዎቹ የቶዮታ መመሪያዎች ለደህና መንገድ ከ40,000 እስከ 48,000 ኪሎሜትር ይላሉ፤ ለአቧራማ መንገድ ግን ቶሎ ቶሎ እንዲታይ ያዝዛሉ። የኔ መንገድ ሁለተኛው ነው። ከክረምት በፊት አንዴ የውሃ ማስወጫውን አያለሁ። ጥቅምት ላይ አቧራው ሳይጀምር በመብራት እፈትሸዋለሁ። ጉልበት ካነሰው ወይም ነጥብ ከታየበት ይቀየራል። አሮጌውን ክዳን ጋሼ ወስደውታል፤ ሰፈር ውስጥ መካኒክነት ለሚማሩት ልጆች የተሰበረውን ምላስ ያሳዩበታል።